የአራስ ልጅን አፍ እንዴት እንይ?

ሐይቅ አካባቢ በአዋላጅነት ስሠራ አንዲት አራስ በወለደች በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። «ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል» አለችኝ። የልጁ ከንፈር ደህና ነው። በስልኬ መብራት ውስጡን ሳየው ግን ላንቃው ከኋላ ተሰንጥቋል። ሲወለድ ከንፈሩን ብቻ አይቼ አልፌው ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

እናንተም ማየት ትችላላችሁ። ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁ ሲያለቅስ በመብራት እስከ እንጥሉ ድረስ እዩ። ከዚያ በትንሿ ጣት ላንቃውን ቀስ ብላችሁ ዳስሱ።

ስንጥቅ ካለ መጀመሪያ የሚያሳስበው መመገቡ ነው። ከንፈሩ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ ጡት ይጠባሉ። ላንቃው ከሆነ ግን ልጁ ስቦ መጥባት ያቅተዋል። የእናትየው ወተት አንሶ አይደለም። ያቺን እናት «አብሽሪ» አልኳትና ወተቷን በእጇ አልባ በንጹሕ የቡና ሲኒ ያዘች። ልጁን ቀና አድርጋ አቀፈችው። ሲኒውን ታችኛው ከንፈሩ ላይ አስደግፋ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘነበለችው። እሱም በምላሱ ይልስ ጀመር። አፉ ውስጥ አታፍስሱበት፤ ትን ይለዋል። መሃል መሃል ላይ አስገሱት። ክብደቱንም በየሳምንቱ አስመዝኑ።

ቀዶ ሕክምናው ለከንፈር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ለላንቃ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። ላንቃው ከዘገየ ንግግሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሪፈር ለማጻፍ ከአሁኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በነጻ የሚሠራባቸው ሆስፒታሎችም አሉ።

ድዱ ወይም ላንቃው ላይ ያሉ ጥቃቅን ነጭ ፍሬዎች በሳምንታት ውስጥ ራሳቸው ይጠፋሉ፤ አትፈቅፍቋቸው። እርጎ መስሎ ምላሱ ላይ የሚለጠፍ፣ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ግን ፈንገስ ነው። በኒስታቲን ጠብታ ይታከማል። የእናትየው ጡት ጫፍም አብሮ ካልታከመ ይመላለሳል። የምላሱ ክር አጥሮ መጥባት ከከለከለው ደግሞ ባለሙያ ይቁረጠው።

እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ አያቶችን ቁጭ ብዬ ነው የምለምናቸው። «እማማ፣ እንጥሉ በሽታ አይደለም። በዚያ ምላጭ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ እባክዎ ወደኛ ያምጡት» እላለሁ። አብዛኞቹ ሰምተውኛል።