አዳፕተሩ ገባ፣ ማሽኑ ጨሰ

ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የጸጉር መቁረጫ ማሽን ይዞልኝ መጣ። ስፒናው ጠፍጣፋ ነው። ትንሽ አዳፕተር አጠለቅኩለትና አዲስ አበባ ቤቴ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ማሽኑ እንደ ተርብ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጸጉሬ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቀረ። የሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነው የጨረሰልኝ።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፣ የወንድሜም አይደለም። አዳፕተር የሚቀይረው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩን አይነካውም። በሻንጣ ይዘናቸው የምንዞር ዕቃዎች የሚያመጡት ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ሸተተ፣ ጨሰ፣ ጋለ

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120። ለ120 የተሠራ የሚያሞቅ ዕቃ 220 ላይ ሲሰካ ከሚገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ይቃጠላል። ከአዲስ አበባ የተገዛ የጸጉር ካውያ ዋሽንግተን ላይ ቢሰካ ደግሞ አይቃጠልም። የሚያገኘው ኃይል ግን ሲሶ እንኳ ስለማይሞላ ለብ ብሎ ይቀራል። «ተበላሸ» ተብሎ የተጣለ ስንት ደህና ካውያ አለ!

መፍትሄው ከመሰካት በፊት ማንበብ ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አለች። ዓይን አልይዝ ካላችሁ በስልክ ፎቶ አንሷትና አጉሏት። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የምትል ከሆነ የትም አገር ይሠራል። የጎደላችሁ የቅርጽ አዳፕተር ብቻ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ናቸው። 120 ብቻ ወይም 220 ብቻ የምትል ከሆነ ግን ቮልቱን የሚቀይር ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱም የሚችለው ዋት ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት። ለካውያና ለጸጉር ማድረቂያ ብላችሁ ያንን ብረት አትሸከሙ። የደረሳችሁበት አገር ግዙ።

አሁን የሚሸት ነገር ፊታችሁ ካለ፣ የጋለውን ስፒና በእጅ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ። «ትንሽ ይብረድና እንሞክረው» የሚባል ነገር የለም።

ስፒናው አልገባ አለ

ዱባይ፣ ዶሃ፣ ኩዌት፣ ለንደን ሶኬቱ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ነው ያሉት። የኛ ክብ እግር አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቃት ዘዴ አለች፦ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ተጭኖ ክቡን ስፒና ከታች መሸጎጥ። እኔም አድርጌያታለሁ፣ አልዋሽም። የላይኛው ቀዳዳ የግራውንድ ነው፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር ማለት ነው። ረጅሙ እግር እዚያ ሲገባ የታችኞቹ መከለያዎች ይከፈታሉ። መከለያው የተሠራው ልጅ ሽቦ እንዳይከትበት ነው። በእስክሪብቶ ስትከፍቱት ክቡ እግር በደንብ ሳይጨበጥ ይቀመጣል፤ ብልጭ ይላል፣ ይግላል። የዚያ አገር ስፒና ውስጡ ፊውዝ አለው፣ የኛው ግን የለውም። በእስክሪብቶ ፈንታ ቁልፍ ወይም ማንኪያ የሚከትማ በነፍሱ እየቀለደ ነው።

አዳፕተሩ እዚያው ሱፐርማርኬት ይሸጣል። ፊውዝ ያለውን ምረጡ። ጀርመንና ፈረንሳይ ለሚሄድ ቀጭኑ ስፒናችን እንዲሁ ይገባል። የእስራኤል ሶኬት የራሱ ቅርጽ ቢኖረውም ቀጭኑን ባለ ሁለት ክብ እግር አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል።

ገባ፣ ግን ቻርጅ አያደርግም

ለንደንና ዱባይ ከሆናችሁ ሶኬቱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ተጫኑ። አንድ ዘመዴ ያልበራ ሶኬት ላይ ስልኩን ሰክቶ አድሮ፣ ጠዋት ቻርጀሩን ሲረግም ደርሼበታለሁ። ሆቴል ውስጥ ደግሞ የክፍሉን ካርድ ስትነቅሉ ብዙ ጊዜ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። አሜሪካ ከባድ ቻርጀር አዳፕተር ላይ ሲንጠለጠል በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወጣል፤ አጭር ማራዘሚያ ገዝታችሁ ቻርጀሩን መሬት አስቀምጡት።

የሚሞላው እየተንፏቀቀ ከሆነ ገመዱን አውሮፕላን ወንበር ወይም ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁት ይሆናል። ዩኤስቢ ሁሉ እኩል አይሰጥም። በራሳችሁ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ስኩ። በሕዝብ ማስሞያ ቦታ ስልካችሁ «ይህን ኮምፒውተር ታምናለህ?» ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉና ንቀሉ። መብራት ብቻ የሚሰጥ ቀዳዳ እንዲህ አይጠይቅም።

ላፕቶፑ ይነዝረኛል

ኮረንቲ እንደያዘው ሰው አያስደነግጥም፣ ግን የብረቱን ገላ ስትዳስሱ እጅ ላይ ስስ ንዝረት አለ። ባለ ሦስት እግሩን ቻርጀር በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ስለሰካችሁት ነው፤ ግራውንዱ ተቋርጧል። ግራውንድ ያለው አዳፕተር ስትጠቀሙ ይጠፋል። ንዝረቱ የሚያስደነግጥ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ጣሉት።

ስልኩ ሞቆ መሙላት አቆመ

የባሕረ ሰላጤው አገር በጋ ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰካ ስልክ ባትሪውን ለማትረፍ ራሱ ያቆማል። ሽፋኑን አውልቁ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ ጠብቁ። ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት፤ ውስጡ ያልበዋል።

ፓወር ባንኬን ወሰዱብኝ

ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጪ አይሄድም። ካርጎ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወጣል። ልኩ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከዚያ በላይ አይሳፈርም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር-ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል። 20,000 የሚለው 74 ይመጣል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፣ ያስጠይቃል። የኤምሬትስ አየር መንገድ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ በረራ ላይ መጠቀምንም ከልክሏል፤ ስለዚህ ስልካችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት ሙሉት።

ፈታሹ የሚያየው የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከኪስ ጋር ሲታሽ ከጠፋ ባለ 10,000ውም ሊወሰድ ይችላል። መደብዘዝ ከጀመረ ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት።