ባቡር ወይስ አውቶቡስ? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እንዴት እንደሚወዳደር

ከከተማ ከተማ ለመሄድ ስልክ ስትከፍቱ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዋጋ ነው። አውቶቡሱ በግማሽ ዋጋ ተቀምጦ ባቡሩን ማን ያየዋል? ግን ዋጋው የሂሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

1. የአንድ ቀንና የአንድ ሰዓት ዋጋ አወዳድሩ

አውቶቡሶችና ብዙ ፈጣን ባቡሮች ወንበር በሞላ ቁጥር ዋጋ ይጨምራሉ። ስለዚህ የማክሰኞ ጠዋትን አውቶቡስ ከዓርብ ማታ ባቡር ጋር ማስተያየት ትርጉም የለውም። ሜጋባስ የተባለው የአውቶቡስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ሲገባ «ከ1 ዶላር ጀምሮ» ይል ነበር፤ ያቺ ዋጋ ግን ቀድመው ለቆረጡ ጥቂቶች ብቻ ነበረች። የተጨማሪ ሻንጣና የወንበር መምረጫ ክፍያም ካለ ደምሩት።

2. ሰዓቱን ከበር እስከ በር ቁጠሩ

ባቡር ጣቢያ ብዙ ጊዜ መሃል ከተማ ነው። የአውቶቡስ ፌርማታ ግን አውራ ጎዳና ዳር ያለ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። የፌርማታውን ስም አትመኑ፣ ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ እዩ። መንገድ መዘጋጋቱንም አስቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ የ45 ደቂቃ እረፍት መውሰድ አለበት። ባቡሩ ሁለቴ ውረዱ ካለና አውቶቡሱ በቀጥታ ካደረሰ ግን አውቶቡሱን ያዙ። እኔ ሁለቴ አላስብም።

አጭር መንገድ ላይ አውቶቡስ ብታጡም አይግረማችሁ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 የረጅም ርቀት አውቶቡስን ስትፈቅድ ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ወይም የክልል ባቡር (በአካባቢው ያሉ ከተሞችን የሚያገናኘው) እስከ አንድ ሰዓት ባለ ጊዜ በሚያደርስበት መስመር ላይ ተሳፋሪ እንዳይጭን ከልክላለች። የክልሉ ባቡር ገበያውን እንዳያጣ ነው።

3. መቀያየር ካለው፣ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ መተግበሪያ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ገጣጥሞ አንድ ጉዞ አስመስሎ ያሳያል። የምትከፍሉት አንዴ ነው፤ ኢሜይላችሁ ላይ የሚመጣው ግን ሁለት የትኬት ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ውላችሁም ሁለት ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ባቡሩ ሲዘገይ ነው። 40 ደቂቃ ዘግይታችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ወደ አውቶቡሱ ትሮጣላችሁ። ሹፌሩ ስም ዝርዝሩን ስልኩ ላይ አይቶ፣ የሻንጣውን በር ዘግቶ፣ ሞተር አስነስቷል። ባቡር እንደዘገየ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ያ ትኬት ተቃጠለ ማለት ነው።

ካሳ አለ አይደል? በአውሮፓ ኅብረት ባቡር መድረሻው ላይ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገየ፣ ከአንዳንድ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የትኬቱን 25 በመቶ ይመልሳል፤ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ 50 በመቶ። 40 ደቂቃ ግን በዚህ ሕግ ምንም ካሳ አያስገኝም። የአውቶቡሱ ሕግ ይባስ ጠባብ ነው። 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ መስመር መነሻው ከተሰረዘ ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ ገንዘባችሁን ወይም ሌላ ጉዞ መምረጥ ትችላላችሁ። ይህን ምርጫ ከነፈጓችሁ ተጨማሪ 50 በመቶ ይከፍላሉ። በሰዓቱ ተነስቶ መንገድ ላይ ተጨናንቆ ቢዘገይ ግን ለመዘግየቱ ብቻ ካሳ የለም።

የግድ ማቀላቀል ካለባችሁ አውቶቡሱን መጀመሪያ፣ የክልሉን ባቡር መጨረሻ አድርጉት። የአውቶቡስ ትኬት ለአንድ መነሻ ሰዓት ብቻ የተቆረጠ ነው። የክልል ባቡር ግን ብዙ ቦታ በየሰዓቱ ይመጣል፣ ትኬቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ባቡር ጋር አይታሰርም። የመጀመሪያው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ትሳፈራላችሁ። የቀኑ የመጨረሻ ባቡር ላይ ግን እንዲህ አትቆምሩ።

የሌሊት አውቶቡስ የሆቴል ብር ያተርፋል የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። አንገታችሁ የማግስቱን ቀን ያስከፍላችኋል።

4. ቁረጡ

ከድርጅቱ ራሱ ብትገዙ ይሻላል፤ ሲሰረዝ የምታነጋግሩት አንድ ሰው ነው። የትኬቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ፣ ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላል። አውቶቡስ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንሱ። የጀርመኑን ድርጅት የፍሊክስባስን አረንጓዴ አውቶቡሶች እንኳ ብትወስዱ አብዛኞቹ የአጋር ድርጅቶች ንብረት ናቸው። ወንበር ላይ ጃኬት ረስታችሁ ስትደውሉ የትኛው አውቶቡስ እንደነበረ የሚናገርላችሁ ያ ታርጋ ነው።