አልከፈት ያለ የዎርድ ፋይል ሲያጋጥም ምን ይደረግ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣው ሰው ግማሹ «ፍላሼ ላይ ያለው ፋይል አልከፈት አለ» ባይ ነው። አብዛኛው ግን በቀላሉ ይተርፋል።

መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ፤ የምትነካኩት ኮፒውን ብቻ ይሁን። አንድ ተማሪ የተበላሸውን ፋይል እንደ ምንም ከፍቶ ሴቭ ሲያደርገው፣ ሊተርፍ ይችል የነበረው ምዕራፍ በባዶ ገጽ ሲተካበት አይቻለሁ። ዊንዶውስ «ፍላሹ ፎርማት ይደረግ?» ቢላችሁም እሺ እንዳትሉ።

ቀጥሎ በፕሮፐርቲስ ገብታችሁ መጠኑን እዩ። ዜሮ ባይት ከሆነ ውስጡ ምንም የለም። ስሙ በ~$ ጀምሮ 162 ባይት ብቻ ከሆነ፣ ሰነዱ ሲከፈት ዎርድ ለራሱ የሚፈጥረው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ዋናውን በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ፈልጉት።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ የጥገና ሶፍትዌር ፍለጋ ይገባል፤ እኔ ግን ፋይሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምንም አልነካም። ኖትፓድ ክፈቱና ኮፒውን ጎትታችሁ አስገቡት። የማይነበብ ምልክት ይዘረገፋል፤ አትደንግጡ። የሚያስፈልጋችሁ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት ብቻ ናቸው።

ከዎርድ 2007 ወዲህ የመጣው ዶክኤክስ የተባለው የዎርድ ፋይል ዓይነት ውስጡ ዚፕ (ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል) ስለሆነ በላቲኖቹ ፒ እና ኬ ይጀምራል። በፐርሰንት ምልክትና ፒዲኤፍ በሚሉት ፊደላት ከጀመረ ግን ፋይሉ ፒዲኤፍ ነው፤ ኮንቨርት ያደረገ የመሰለው ሰው ኤክስቴንሽኑን፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደላት፣ ብቻ ቀይሮታል። ወደ ፒዲኤፍ መልሱለት፣ ይከፈታል። ኤክስቴንሽኑ ካልታያችሁ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ከፍታችሁ ከላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምረጡ። ኤችቲኤምኤል የሚል ካያችሁ ያወረዳችሁት ሰነዱን ሳይሆን ድረ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሎግኢን የሚጠይቀውን ገጽ። እንደገና አውርዱ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ከሆነ ግን በዚያ ፋይል ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ፍላሹ ኮፒው ሳያልቅ ተነቅሎ ነው። ለጥገና ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ኖትፓዱን ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉ።

ፒ እና ኬን ካገኛችሁ ተስፋ አለ። ዎርድ ላይ ኦፕን፣ ከዚያ ብራውዝ በሉ፤ ፋይሉን አንዴ ብቻ ነክታችሁ፣ ኦፕን ከሚለው ጎን ባለችው ቀስት ኦፕን ኤንድ ሪፔርን ምረጡ። እምቢ ካለ የኮፒውን ኤክስቴንሽን ወደ ዚፕ ቀይራችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ፎቶዎቻችሁ ዎርድ በሚለው ፎልደር፣ ሚዲያ ውስጥ አሉ።

«ፋይል ስቀሉ፣ እንጠግናለን» የሚሉ ድረ ገጾችን አልመክርም። ለጥናታችሁ ስንት ሰው አምኖ የሰጣችሁን ቃለ መጠይቅ ለማታውቁት አካል አሳልፋችሁ መስጠት ነው።

ሰነዱ ተከፍቶ አማርኛው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነባችሁ ደግሞ ፋይሉ ደህና ነው። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን ከሚለዩበት የጋራ ኮድ) በፊት በነበረ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ ሶፍትዌር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የፎንቱን ስም ዎርድ ላይ አይታችሁ ያንኑ ፎንት ጫኑ፤ ጽሑፉ ሳይጎድል ይመለሳል።