ወርቁ አልገኝ ሲል፦ የሰምና ወርቅ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ግጥሙ ግልጽ ነው፤ ወርቁ ግን አይታይም

ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ነው፤ ወርቅ ደግሞ ከሥሩ የተደበቀው። ለማሳያ የገጠምኳትን ይቺን እንይ፦

ሠዓሊው ወንድሜ ብርድ ላይ ስለዋለ
ብሩሽ እንኳ ሳይዝ ሌሊት ሙሉ ሳለ

ሥዕል ብቻ ከታያችሁ «ሠዓሊው» እና «ብሩሽ» ይዘዋችሁ ሄደዋል ማለት ነው። የሰም ሥራው ይሄው ነው። ግጥሙን አሥር ጊዜ መደጋገም አይጠቅምም። ይልቅ ቦታው ያልሆነ የሚመስለውን ቃል ፈልጉ። ብርድ ከሥዕል ጋር ምን አገናኘው? ያለ ብሩሽስ በምን ሣለ? ብርድ የመታው ሰው ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱንም ፍቺ የተሸከመው ቃል፣ «ሳለ» ነው፤ ሰሙ ሥዕል፣ ወርቁ ጉንፋን።

ፊደል ጠንቃቃ ሰው ሥዕሉን በንጉሡ «ሠ» ይጽፈዋል። ቅኔ ግን መጀመሪያ ለጆሮ ነው። ስለዚህ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» አያግዷችሁ።

ቃሉን ጠረጠርኩት፤ ሁለተኛ ፍቺ ግን አጣሁለት

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በዓይን ብቻ ማንበብ ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ቃሉን ድምፅ አውጥታችሁ አጥብቃችሁም አላልታችሁም በሉት።

እሱም ካልሠራ ቁረጡት፦ «ቤቱ እንዳይገባ በርበሬ ዘጋበት»። ቤት ለመግባት በርበሬ ምን አገባው? ለሁለት ሲከፈል ግን «በር» እና «በሬ» ይወጣል። በሬው በሩ ላይ ተገትሯል።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ ሳይቆረጥ ሙያው ይቀየራል። «ባሌ ሄዶ ቀረ» ሲባል ማን ሄደ? የት ሄደ? አገሩን ባሌን ትታችሁ የሚስትን ስሞታ ስሙ።

ወርቅ አገኘሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም

ይሄ ከሁሉም ይከፋል፤ ያልተባለውን ተባለ ማለት ገጣሚውን መበደል ነውና። ያገኛችሁትን ፍቺ በኅብረ ቃሉ ቦታ ተኩና ስንኙን በሙሉ አንብቡት። ሌላው ቃል ካልደገፈው ወርቁ የእናንተ እንጂ የገጣሚው አይደለም። ውስጠ ወይራ ግን፣ ምሥጢሩ በአንድ ቃል ሳይሆን በጠቅላላው አባባል የተደበቀበት ቅኔ፣ ለብቻው ነው። እዚያ የሚቆረጥም የሚጠብቅም ቃል አትፈልጉ። ለማን፣ መቼ፣ በምን አጋጣሚ እንደተባለ ጠይቁ።

የግእዝ ቅኔ ሲሆን

ጉባኤ ቃና የምትባለው የግእዝ ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት፤ አጭር ናት ብላችሁ ግን አትናቋት። ግእዙን ቃል በቃል ተርጉማችሁም ዝም ካለቻችሁ የጎደለው ታሪኩ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከገድል የመጣው። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ባሉ የቅኔ ትምህርት ቦታዎች የተማሩ መሪጌታ ካገኛችሁ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ታሪኩ የማን ነው?» በሏቸው። እሱን ከሰማችሁ በኋላ ኅብረ ቃሉን ራሳችሁ ሞክሩት።