ወላጅ በእውነት የሚመጣበት የፀደይ የቤተሰብ ቀን እንዴት ይዘጋጃል?

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተሰብ ቀን ሲዘጋጅ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው ጌጥ ላይ ነው። ፊኛ ይነፋል፣ ሪባን ይሰቀላል፣ ድምፅ ማጉያ ይፈለጋል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚመጡት ወላጆች ይመጣሉ፣ ሁልጊዜ የሚቀሩትም ይቀራሉ። ኮሚቴው ወንበር እየሰበሰበ "ሰዉ እኮ ግድ የለውም" ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። የቀሩትን ወላጆች በግል ብትጠይቋቸው መልሳቸው ሌላ ነው። "መቼ እንደሆነ አልሰማሁም።" "ሥራ ላይ ነበርኩ።" "ሄጄስ ምን እሠራለሁ?" ሦስቱም መላ አላቸው። ስለዚህ እዚህ ስለ ጌጥ ብዙ አልልም፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለጥሪው ነው።

1. መጀመሪያ ዓላማውን ለዩ

ቤተሰብ ማቀራረብ ነው ወይስ ገንዘብ ማሰባሰብ? አንዱን ምረጡ። በር ላይ የገንዘብ ሳጥን የተቀበለው ወላጅ፣ ቀጣዩ ጥሪ ሲደርሰው ቀድሞ የሚዳብሰው ኪሱን ነው። ገንዘብ ካስፈለገ ሌላ ቀን ያዙለት።

2. ቀንና ሰዓት

ፀደይ ለዚህ የተመቸ ነው። ቀኑ ይረዝማል፣ አየሩ ይለዝባል፣ ልጆቹም ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቅታቸዋል። በሰሜኑ የምድር ክፍል ግን ወቅቱ ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ ብዙ ቦታ ከትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ጋር ይገጫጫል። ፈተናው፣ ምረቃው፣ የክፍል ጉዞው ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ሁለት ወር ቀድማችሁ ቀኑን ካልያዛችሁ ሌላ ሰው ይይዘዋል።

የሃይማኖት በዓላትንም እዩ። የምዕራቡ ፋሲካ ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የኦርቶዶክሱ በዚሁ አቆጣጠር ከኤፕሪል 4 እስከ ሜይ 8 ሊውል ይችላል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። አምና የተመቸው ቀን ዘንድሮ ጾም ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ካላንደር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ከየእምነቱ አንድ ሁለት ወላጅ ጠይቁ።

ሰዓቱን በተመለከተ የኔ ምርጫ ሁለት ዙር ነው። አንዱ ጠዋት ልጆች በሚደርሱበት ሰዓት፣ ሌላው ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት። ዝግጅቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ወላጁ የሚመቸውን ይመርጣል። እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። "ሙሉ ቀን" የሚለው ቃል ጨቅላ የያዘችን እናትና በፈረቃ የሚሠራን አባት ገና ሲያነቡት ያስቀራቸዋል።

ዝናብ ቢመጣ ቀኑን አታዛውሩ፣ ቦታውን አዛውሩ። ከአለቃው ፈቃድ የጠየቀ ወላጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። "ዝናብ ከጣለ አዳራሽ ውስጥ እንገናኛለን" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጥሪው ላይ ይኑር።

3. ጥሪው

ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ጥሪ አይባልም፣ ማስታወቂያ ነው። የክፍሉ ግሩፕ ላይ የተላከ መልእክትም ከስቲከርና ከሰላምታ ሥር ይቀበራል። ሁለቱንም አድርጉ፣ ግን ሰው ያመጣልናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰው የሚያመጣው ለራሱ ተለይቶ የተነገረ ጥሪ ነው። በመጀመሪያ ጥሪውን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። የአንደኛ ክፍል ተማሪ በተጣመመ ፊደል "እንድትመጡልኝ እፈልጋለሁ" ብሎ የጻፈውን ወረቀት የሚጥል ቤተሰብ አላየሁም። ቀኑና ሰዓቱ ግን በትልቅ ሰው እጅ ይጻፍ፤ ልጆች 6 እና 9ን ይገለብጣሉ።

ወረቀቱ ላይ "እናትና አባት" አትበሉ። "ቤተሰብ" በሉ። አያት የሚያሳድጉት፣ አክስት ቤት ያለ፣ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚኖር ልጅ በየክፍሉ አለ። ያ ልጅ ጥሪውን ለማን እንደሚሰጥ እንዲጨነቅ አታድርጉት።

ቀጥሎ አባቶችን ለይታችሁ ጥሩ። ይህ ቀልድ አይደለም። የወላጆች ተሳትፎ ድሮም የእናቶች ጉዳይ ተደርጎ ነው የተጀመረው። በአሜሪካ ዛሬ ፒቲኤ የሚባለው ብሔራዊ የወላጆችና የመምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1897 ዋሽንግተን ውስጥ ሲመሠረት ስሙ "የእናቶች ብሔራዊ ጉባኤ" ነበር። መሥራቾቹም ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አሊስ ማክሌላን በርኒ እና ፊቢ አፐርሰን ኸርስት። ስሙ ከተቀየረ ቆየ። ልማዱ ግን አልለቀቀም፤ ዛሬም ከትምህርት ቤት ሲደወል ቀድሞ የሚጮኸው የእናትየው ስልክ ነው። አባትየው ራሱ ተጠርቶ የማያውቅ ከሆነ ቀረ ብሎ መውቀስ ምን ይባላል?

አሁን ዋናው ነገር። "መርዳት የምትፈልጉ አሳውቁን" የሚለውን ዓረፍተ ነገር እርሱት። እንዲህ ሲባል ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። በዚያ ላይ የሚጠየቀው ነገር መጠኑ አይታወቅም። አንድ ሰዓት ነው? አንድ ሳምንት ነው? ወንበር መሸከም ነው? ንግግር ማድረግ ነው? መጠኑን የማያውቀውን ነገር እሺ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

በምትኩ ሥራውን ሸንሽኑት። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ይታወቅ። ከዚያ ሰውየውን በቀጥታ ጠይቁት፦ "የእገሌ አባት፣ ጠዋት ልጅዎን ሲያደርሱ ለሃያ ደቂቃ የአፈሩን ከረጢት ቢከፍቱልንና ለልጆቹ ቢያካፍሉልን? ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራዎ ይሄዳሉ።" እንዲህ ሲጠየቅ እሺ የሚለው ሰው ይበዛል። "አልችልም" የሚለውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ "ግን እንዲህ ላድርግ" ብሎ ሌላ ነገር ያቀርባል። ያቀረበውን ተቀበሉት።

የሚጠይቀው ሰውም ለውጥ ያመጣል። ርዕሰ መምህሩ ሲደውል ወላጅ ልቡ ይደነግጣል፤ ልጄ ምን አጠፋ ነው የመጀመሪያው ሐሳብ። ብዙ ወላጅ ከትምህርት ቤት ስልክ የሚደርሰው ልጁ ሲያጠፋ ወይም ሲታመም ብቻ ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ወላጅ ወላጅን ይጠይቅ። በየክፍሉ ሰው የሚያውቅ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያወራ አንድ ወላጅ አይጠፋም። እሱን ወይም እሷን ያዙ። ከአምስት ሰው ኮሚቴና ከአሥር ስብሰባ ይበልጣሉ።

ቋንቋ ሌላው እንቅፋት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን ቋንቋ በደንብ የማይናገር ወላጅ ሁሉን ቢሰማም አፉን ለመክፈት ይፈራል። ጥሪውን በየቋንቋው አዘጋጁ፣ በዕለቱም አስተርጓሚ የሚሆን ትልቅ ሰው መድቡ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ለሰላምታ ችግር የለውም፤ ወሬው ወደ ልጁ ትምህርት ከዞረ ግን እሱ የሚተረጉመው እንደሚመቸው ነው።

በፍጹም መምጣት የማይችል ሰውስ? ለሱም ሥራ አለ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጆይስ ኤፕስታይን የቤተሰብ ተሳትፎን በስድስት ትከፍለዋለች፦ ልጅ አስተዳደግ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መነጋገር፣ በጎ ፈቃድ ሥራ፣ ቤት ውስጥ ማስተማር፣ ውሳኔ ላይ መሳተፍ፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መተባበር። ግቢ ውስጥ በአካል መገኘት የዚህ ትንሹ ክፍል ነው። ማታ ቤት ውስጥ ዘር የሚዘፈዝፍ፣ ያገለገሉ ኩባያዎች የሚሰበስብ፣ ልጁ ያመጣውን ቡቃያ ከልጁ ጋር የሚለካ ወላጅም ተሳትፏል። ጥሪው ታች ላይ "መምጣት ካልቻሉ" የሚል መስመር ጨምሩና ከነዚህ አንዱን ጻፉበት።

በዋዜማው አጭር ማስታወሻ ላኩ። ሁለት መስመር ይበቃል።

4. ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ እንዳይኖር

የቱንም ያህል ብትጠሩ ሰው የማይመጣለት ልጅ አይጠፋም። እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ወላጅ ጋር ይቀመጥ ካላችሁ ያ ልጅ ወንበሩ ላይ ብቻውን ይቀራል። ሌሎቹ ሲስቁ በር በሩን ያያል። አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። መምህሯ መጥታ አጠገቡ ብትቀመጥም አይሻሻልም፤ እንዲያውም ለሁሉም ይታይበታል።

መፍትሔው አቀማመጡ ውስጥ ነው። በአንድ ጠረጴዛ አራት ወይም አምስት ልጆችና አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ሰዎች መድቡ። ትልቁ ሰው የጠረጴዛው እንጂ የአንድ ልጅ አይደለም። የራሱ ልጅ እዚያው ይኖራል፣ ግን የሚያግዘው ሁሉንም ነው። ምድቡን መምህሯ ቀድማ ታውጣ፤ ማን ሰው እንደማይመጣለት የምታውቀው እሷ ናት። ለወላጆቹ ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም። "ጠረጴዛ ሦስት የእርስዎ ነው" ማለት ይበቃል።

5. ምን ይሠራ?

ወላጅ ቁጭ ብሎ ትርኢት የሚያይበት ዝግጅት አይመቸኝም። ልጆቹ ለሳምንታት በልምምድ ይደክማሉ፣ ወላጁ በስልኩ ይቀርጻል፣ ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር ያልቃል። እጅ የሚያስይዝ ሥራ ይሻላል። ለፀደይ ደግሞ ከመትከል የተሻለ የለም።

የምትመርጡት ዘር ግን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ውጤቱ የሚታይ ይሁን። ብዙ የትምህርት ቤት አትክልት የሚሞተው በእረፍት ወራት ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ነው። ፍጅል በጥቂት ቀናት ይበቅላል፣ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜም ይደርሳል። ቦሎቄ በሞቀ ክፍል ውስጥ በአንድ ሳምንት ከግማሽ ገደማ ብቅ ይላል፤ ፍሬው ትልቅ ስለሆነም ለትንንሽ ጣቶች ይመቻል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኩባያው ሥሩ ላይ ይበሳ፤ ካልተበሳ ውሃው ይተኛና ዘሩ ይበሰብሳል። አፈር ሙሉ፣ ቦሎቄውን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩ፣ ፍጅሉን አንድ ሳንቲሜትር። ውሃው አፈሩን ያርጥበው እንጂ አያጨቅየው። ቦሎቄውን ለሊቱን መዘፍዘፍ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን አይቆይ። አፈሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከቀዘቀዘ ቦሎቄ ስለማይወድ፣ ውጭው ገና ካልሞቀ መስኮት ዳር አስቀምጡት። በየኩባያው ሁለት ዘር ይግባ። አንዱ ቢቀር ልጁ አያለቅስም።

ዘሩን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ሻጋታ የታሸ ሊሆን ስለሚችል ለልጆች እጅ አይሰጥም። ጥሬ ቦሎቄም ሆድ በኃይል ያማል፣ ትንፋሽም ሊያንቅ ይችላል። ታናናሽ ወንድምና እህቶች አብረው ስለሚመጡ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

6. ጥቃቅን የሚመስሉት

መግቢያው አንድ በር ይሁን፣ የገባው ሁሉ ይመዝገብ። የንብና የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባቸውን ልጆች ዝርዝር ቀድማችሁ ከትምህርት ቤቱ ውሰዱ። መድኃኒታቸው ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን እዚያው ቅርብ ይሁን። ፎቶ እንዳይነሳ ቤተሰቡ የከለከለው ልጅ ካለ የሚያነሳው ሰው ይወቅ። እጅ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤት፣ ጥላ። የስም ወረቀቱ ላይ የወላጁ ስም ብቻ ሳይሆን የልጁም ይጻፍበት፤ ወሬ የሚጀመረው በልጅ ስም ነው።

7. በዕለቱ

ማይክ የያዘ ሰው ሰዓት ይበላል። የርዕሰ መምህሩ ንግግር ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ ይህንንም ቀድማችሁ በአክብሮት ንገሩት። መምህራን ስለ ውጤትና ስለ ጠባይ በዚህ ቀን እንዳያነሱ ተስማሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች እናት "ልጅሽ ሒሳብ ይከብደዋል" ከተባለች ሁለተኛ አትመጣም። ይህን የሰማች እናት አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ልጇን በር ላይ አድርሳ ትመለሳለች።

8. ከዚያ በኋላ

በሳምንቱ ውስጥ አመስግኑ፣ በየስማቸው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ምን ተመቸዎት? መምጣትን ምን አከበደብዎት?" የሁለተኛውን መልስ ካልመጡትም ጠይቁ፤ ለከርሞ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ኩባያዎቹ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆዩና ከልጆቹ ጋር ወደ ቤት ይሂዱ። መደብ ላይ የተተከለ ካለ የማጠጫ ተራ አውጡ፤ በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ፣ ስሙም በር ላይ ይለጠፍ። ማን ምን ሥራ እንደያዘ፣ ምን እንደበቃ፣ ምን እንደጎደለ በአንድ ገጽ ጻፉና ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ አስረክቡ። ስልክ ቁጥር የምታስገቡት ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው።