«ብርድ ነው» እያልን የምናልፈው የልብ ቫልቭ ሕመም

አክስቴ ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዳ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆመች። «ቡናውን እያየሁ ነው» አለችን። ድሮ ይህን ዳገት ሳታርፍ ነበር የምትወጣው። ማታም ትራስ ደራርባ ቀና ካላለች እንቅልፍ የላትም። «ብርድ ነው» ብለን ዝም አልን።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ልባችን ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉት። ደም ያሳልፋሉ፤ ተመልሶ እንዳይመጣም ይዘጋሉ። ሲጠቡ ወይም አልገጥም ሲሉ ልብ ይደክማል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ታማሚው ግን ድንገት አይወድቅም። መጀመሪያ ዳገቱን ይተዋል፣ ከዚያ ባጃጅ ያበዛል፣ ከዚያ ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ «ያምሻል?» ከማለት «አምና የምትሠሪውን ዘንድሮ ትሠሪያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የእግር እብጠት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለማ ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ በቶሎ ሐኪም ቤት።

ሁለተኛው፣ የልጆችን ቶንሲል መናቅ። እኛ አገር ብዙው የቫልቭ ጉዳት የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ሊዋጋ የተነሣው ሰውነት የራሱን ልብ ይመታል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ይጠቃሉ። ጉሮሮው ካመመው ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቀ የሚያብጥ ልጅ መታየት አለበት። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም ያፈሳል እንጂ ይህን አያስቀርም። የሚያስቀረው በሐኪም የታዘዘ፣ ሳይቋረጥ የተወሰደ መድኃኒት ነው።

መርፌ ማቋረጥም አለ። ልቡ አንዴ በዚህ የተመታ ሰው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ያማል፣ ለዓመታትም ይቀጥላል። የተበላሸውን አይጠግንም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር ነው። ለውጡ ስለማይታይ ሰው ይሰለቻል። ጠበል የገባ ሰው መርፌውን ለምን እንደሚተው አይገባኝም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ቫልቯ የጠበበ ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር። በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ገደማ ስለሚጨምር፣ ተደብቆ የኖረው ሕመም ያኔ ይፈነዳል።

የመጨረሻውን የሠራነው ራሳችን ነን። አክስቴ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥታ «ደህና ነው» ሲሉን ወደ ቤት ተመለስን። ቫልቭን አጥርቶ የሚያሳየው ግን ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። በኋላ ኢኮ ስትነሣ ስክሪኑ ላይ በሩ በጭንቅ ሲከፈት አየነው። አክስቴ ትክ ብላ አየችውና «እንግዲያ ቡናውን ያሳየኝ ይኼ ነዋ!» አለች።