የፎርፕሌይን የመጀመሪያ አልበም እንዴት ማዳመጥ እንደሚቻል

ስሙዝ ጃዝ (ለስለስ ያለው የጃዝ ዓይነት) ብዙ ጊዜ ጆሯችን የሚደርሰው ሌላ ነገር እየሰራን ነው። ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ሰው ስንጠብቅ፣ ኮምፒውተር ላይ ስንሰራ ከበስተኋላ ይከፈታል። አተኩሮ የሚያዳምጠው ሰው ጥቂት ነው። «ሁሉም ያው ነው» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ጥሩ የስሙዝ ጃዝ አልበም ውስጥ ብዙ ሥራ አለ። ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስሙኝ» አይልም። ቁጭ ብሎ ጊዜ የሚሰጠው አድማጭ ይፈልጋል።

ለመለማመጃ የመረጥኩት የፎርፕሌይን የመጀመሪያ አልበም ነው። በ1991 ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ርዕሱ የባንዱ ስም ራሱ ነው። 11 ሙዚቃዎች አሉት፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የኮንቴምፖራሪ (ዘመናዊ) ጃዝ ሰንጠረዥ ላይ ለ33 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ባንዱን ተዋወቁ

ይህን አልበም ሲሰራ ፎርፕሌይ አራት ሰው ነበር። ፒያኖና ኪቦርድ ቦብ ጄምስ፣ ጊታር ሊ ሪትናወር፣ ቤዝ ናታን ኢስት፣ ድራም ሃርቪ ሜሰን። አንድ ላይ ያገናኛቸው ቦብ ጄምስ በ1990 ያወጣው «ግራንድ ፒያኖ ካንየን» የተሰኘው አልበም ነው። እሱን ሲቀዱ አብሮ መጫወቱ ጣማቸውና ባንድ መሰረቱ።

በስም ባታውቋቸውም ጨዋታቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም። በ2013 ዓለምን ያስጨፈረው የዳፍት ፐንክ «ጌት ለኪ» ላይ ቤዝ የተጫወተው ናታን ኢስት ነው። ሃርቪ ሜሰን በ1973 የኸርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሃንተርስ» አልበም ላይ ድራም መትቷል። ሊ ሪትናወር ጣቱ ከመፍጠኑ የተነሳ «ካፒቴን ፊንገርስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። የቦብ ጄምስን የ1974 «ናውቲለስ» ደግሞ የሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሮች ለራሳቸው ሙዚቃ ቆርጠው ቆርጠው አልጠግብ ብለውታል።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ያዙልኝ። አራቱም ለዓመታት ስቱዲዮ እየገቡ ሌሎችን ሲያጅቡ የኖሩ ናቸው። አጃቢ ለዘፋኙ ቦታ መልቀቅ ይለምዳል። እዚህ አልበም ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ዘፋኝ የለም። ስለዚህ ቦታ የሚለቁት አንዱ ለሌላው ነው። ለእኔ የአልበሙ ውበት እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህንኑ ለመስማት የሚረዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መስሚያውን አስተካክሉ

በስልክ ስፒከር አትስሙ። ይህን በደንብ አስምሩበት። የተለመደው ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ናታን ኢስት በብዛት የሚጫወተው ባለ አምስት ክር ቤዝ ደግሞ እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል። የስልክ ትንሽ ስፒከር ይህን ድምፅ አያወጣውም። የአልበሙን መሠረት ሳትሰሙ ልትጨርሱት ነው ማለት ነው። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ጆሮ ላይ በደንብ የሚቀመጥ ኢርፎን ይበቃል። ኢርፎኑ ከላላ ቤዙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጎማውን በጆሯችሁ ልክ ቀይሩ።

የምትሰሙበት አፕ ላይ የሙዚቃዎቹን ተራ የሚያዘበራርቀውን ሻፍል አጥፉ። አንዱን ሙዚቃ ከሌላው ጋር የሚያደባልቀውን ክሮስፌድም አጥፉ። ኢኳላይዘሩን ቤዝ ከፍ ካደረጋችሁበት ወደ ዜሮ መልሱት፤ የተመጣጠነ ሚክስ ነው፣ ሲነካ ይበላሻል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ እንዳያበሳጫችሁ ዋይፋይ ስታገኙ ሙሉውን አውርዳችሁ አስቀምጡት። ስትፈልጉት ዓመቱን እዩ። «ዘ ቤስት ኦፍ ፎርፕሌይ» የሚል ስብስብም ስላለ እንዳይምታታባችሁ።

ድምፁን መካከለኛ አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ይህ ሙዚቃ ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅም ምንም አይጎድልበትም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙት

የመጀመሪያው ዙር ላይ ምንም አትፈልጉ። ከ«ባሊ ረን» ጀምራችሁ እስከ «ሬይን ፎረስት» በተራ ይሂድ። ስልኩን ገልብጡት። የትኛው ሙዚቃ ላይ ጆሯችሁ እንደነቃ ብቻ አስታውሱ። በኋላ ወደዚያ ትመለሳላችሁ።

ከሳክስፎን ተጫዋቹ ኬኒ ጂ ጀምሮ ስሙዝ ጃዝን ከሳክስፎን ጋር ያያያዘ ሰው ትንሽ ግር ሊለው ይችላል። እዚህ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን የለም። ዜማውን ፒያኖውና ጊታሩ ይቀባበሉታል።

ደረጃ 3፦ ዘፈን ካለው ጀምሩ

እኛ ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ የምንይዘው ግጥሙን ነው። «ምን አለ?» እንላለን። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሲመጣ ብዙዎቻችን የምንይዘው ስለምናጣ ሐሳባችን ወዲያው ይበተናል። ችሎታው ግን አለን። በ1977 የወጣውን የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» የሚያውቅ ሰው፣ ኦርጋን የዘፋኝን ቦታ ይዞ ዜማ ሲናገር ሰምቷል።

ለዚህ አልበም ጥሩው መግቢያ «አፍተር ዘ ዳንስ» ነው። ማርቪን ጌይ በ1976 «አይ ዋንት ዩ» በተሰኘው አልበሙ ላይ ያወጣው ዘፈን ነው። ከሊዮን ዌር ጋር ነው የደረሱት። ፎርፕሌይ በአዲስ መልክ ሲሰራው ኤል ደባርጅ አዜመው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የማርቪን ጌይን ስሙ። አልበሙ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ፤ አንዱ ሙሉ ዘፈን፣ ሌላው በመሣሪያ የተሰራ። ሁለቱንም ስሙና ዜማውን በአፋችሁ ማንጎራጎር እስክትችሉ ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ወደ ፎርፕሌይ ኑ። ኤል ደባርጅ ሲያዜም ባንዱ ምን ያህል እንደሚቆጠብ አስተውሉ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ ወይም ፒያኖው አንድ አጭር ነገር ጣል ያደርጋል፤ ዘፋኙ ሲመለስ ገለል ይላል። አዝማሪውና ክራሩ ሲቀባበሉ እንደምናውቀው ያለ ጨዋታ ነው፣ ጥያቄና መልስ አለው።

ይህን አንዴ ከሰማችሁ ሌሎቹ ሙዚቃዎች ላይም ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ የዘፋኙን ቦታ መሣሪያ መያዙ ብቻ ነው። ለዚህ ደረጃ አንድ ሙሉ ምሽት ቢሄድበት አይቆጨኝም።

ደረጃ 4፦ ቤዙን ብቻ ተከተሉ

አሁን ወደ «101 ኢስትባውንድ» ሂዱ። ናታን ኢስት በድርሰቱ የተሳተፈበት ስለሆነ ቤዝ ለመከተል ጥሩ መነሻ ነው። ዜማው የቱንም ያህል ቢጠራችሁ እንቢ በሉት። ጆሯችሁን ወደ ታች አውርዱ።

ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ቤዙ የሚያርፈው የት ነው? ብዙ ጊዜ ከድራሙ ትልቁ ከበሮ ጋር አብሮ ሲረግጥ ትሰማላችሁ። ሁለተኛ፣ ዝም የሚለው የት ነው? ይሄኛው ይበልጣል። ደካማ ቤዝ ተጫዋች ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላል። ናታን ኢስት ይተወዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ የሚከብደው ከፊቱ ዝምታ ስላለ ነው። ሰውየው ቤዙን እየተጫወተ ያንኑ ዜማ ያለ ቃል በአፉ በማንጎራጎርም ይታወቃል። ጣቱ የሚናገረው እንደ ድምፁ የሆነው ከዚህም ሳይሆን አይቀርም።

ካመለጣችሁ አትናደዱ። አቁሙና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ጆሮ ቤዝ መያዝ የሚለምደው በድግግሞሽ ነው።

ደረጃ 5፦ ድራሙን በየክፍሉ ለዩ

ሃርቪ ሜሰን ጉልበቱን አያሳይም። ስለዚህ ሶሎ (ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) አትጠብቁ። ሃይ ሃቱን ስሙ፤ ሁለቱ ሲምባሎች ሲገጣጠሙና ትንሽ ሲከፈቱ የሚሰጡት ድምፅ ይለያያል። ከዚያ ስኔሩን፣ ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ፣ ስሙ። አንዳንዴ መሃሉን ይመታዋል፣ አንዳንዴ በዱላው ጠርዙን ብቻ ነክቶ «ጠቅ» ያደርገዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ወደ ሌላ ክፍል ሲሻገር ነው። ምልክት እየሰጣችሁ ነው።

እግራችሁ ችክችካ የለመደ ከሆነ እዚህ ምቱ ሌላ ነው። ችክችካ ስድስት በስምንት ነው። የስሙዝ ጃዝ ምት በአብዛኛው አራት በአራት ስለሆነ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ ቁጠሩ። «ሁለት» እና «አራት» ላይ ስኔሩን ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቤቱን ቁጠሩ

ይሄ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ሶሎ ሲመጣ ከመጥፋት የሚያድነው እሱ ነው። አራት ምት አንድ ቤት እንበለው። ብዙውን ጊዜ ስምንት ቤት ሲሞላ አንድ ክፍል ያልቃል፣ አዲስ ነገር ይገባል። በጣታችሁ እየያዛችሁ ቁጠሩ።

አካሄዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዋናው ዜማ ይቀርባል። ከዚያ አንዱ ተጫዋች በዚያው ኮርድ (አንድ ላይ በሚደመጡ ድምፆች) ላይ የራሱን ፈጠራ ይጫወታል። በመጨረሻ ዋናው ዜማ ይመለሳል። ሶሎው መሃል ዋናውን ዜማ በልባችሁ አዚሙት። ሊ ሪትናወር ከሱ የት እንደራቀ፣ የት እንደተመለሰ ያኔ ይገባችኋል። ግራ ሲገባችሁ ቤዙን ስሙ፤ ዜማው ቢጠፋ እንኳ ቤዙ መንገዱን አይለቅም።

ስለ ኮርድ አንድ ቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ሁሉም በአምስት ድምፅ የተሰሩ ናቸው። እዚህ ግን ሰባት ድምፅ አለ፤ ቦብ ጄምስ ደግሞ እነሱን ደራርቦ ይይዛቸዋል። መጀመሪያ የደበዘዘ ቢመስላችሁ ከዚህ ነው። ቀኝ እጁ ሲቆም ግራ እጁ የያዘውን ስሙ።

ደረጃ 7፦ በሌላ ቀን ድገሙት፣ ከዚያ ቀጥሉ

በአንድ ቀን ሁሉንም አትጨርሱ። አንዱን ምሽት ለቤዝ፣ ሌላውን ለድራም አድርጉት። በመጨረሻ ሙሉውን አልበም በአንድ ቁጭታ ስሙና አራቱንም አንድ ላይ ለመያዝ ሞክሩ።

ከወደዳችሁት የ1993ቱ «ቢትዊን ዘ ሺትስ» እና የ1995ቱ «ኢሊክሰር» ይከተላሉ። እስከዚያ ድረስ ጊታሩ የሊ ሪትናወር ነው። ከዚያ በኋላ ላሪ ካርልተን ገባ፤ የ1998ቱን «4» የተሰኘ አልበም ስሙ። በ2010 ደግሞ ቸክ ሎብ ተተካ፤ «ሌትስ ተች ዘ ስካይ» ላይ ታገኙታላችሁ። ሦስቱ ሰዎች ያው ናቸው፣ ጊታሩ ብቻ ተቀይሯል። ከእያንዳንዱ አልበም አንድ አንድ ሙዚቃ ተራ በተራ ክፈቱና ጊታሩ ሲቀየር ቦብ ጄምስ ፒያኖው ላይ ምን እንደሚቀይር አወዳድሩ።